የመምህሩ እንጀራና የልጆቻችን ትምህርት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ሀገሪቱ ለአንድ ሳምንት ትደነግጣለች፤ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሌላ ወሬ ታልፋለች። በ2014 ዓ.ም. ለፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። መሻሻሉ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ በተሻሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት አሥራ ሁለት ዓመት ተምረው የፈተናውን እኩሌታ መመለስ አልቻሉም።

በዚያ የድንጋጤ ሳምንት ጣት የሚቀሰረው በሁለት ወገኖች ላይ ነው፤ «አያጠኑም» በሚባሉት ተማሪዎችና «አያስተምሩም» በሚባሉት መምህራን ላይ። ልጆቹን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማረው ሰው በወር ስንት ይከፈለው እንደ ነበር፣ ደመወዙ በወቅቱ ይደርሰው እንደ ሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ለጠመኔና ለወረቀት የሚሆን ገንዘብ ከየት እንደሚያገኝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ የተረሳ ጥያቄ ነው።

«ይህ የመንግሥት ጉዳይ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነውን?» የሚል ምእመን ሊኖር ይችላል። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ አመለካከት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ደንግጓል፤ እኛም በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ስብከት ይሰጥ አንልም። ነገር ግን በአርባና በሰማንያ ቀናቸው የተጠመቁ ልጆቻችን ቀኑን የሚያሳልፉት በእነዚሁ ክፍሎች ውስጥ ነው። በሳምንቱ ቀናት ሒሳብ ወይም ፊዚክስ የሚያስተምረው መምህርም እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን የሚያስተምር፣ በሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኖ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ በጾም ወቅት ከሥራ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቅዳሴ የሚሄድ ወንድማችን ነው። በገጠር አጥቢያዎች ደብዳቤ የሚጽፍና ሒሳብ የሚያጣራ ሰው ሲፈለግ በመጀመሪያ የሚጠራው ማን እንደ ሆነ ካህናቱ ያውቃሉ።

ከዚህም በላይ የሠራተኛ ደመወዝ ጉዳይ በቅዱሳት መጻሕፍት ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ኦሪት የምንደኛው ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እስከ ማለዳ እንዳያድር ታዝዛለች (ዘሌ. 19፥13)። የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር የተጻፈውን ቅዱስ ጳውሎስ ስለ መምህራን መተዳደሪያ ጠቅሶ አስተምሮበታል (1ኛ ቆሮ. 9፥9)። ሐዋርያው ያዕቆብም የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)። ትእዛዙ የሚመለከተው የእርሻ ባለቤትን ብቻ ነው ብሎ ወረዳውን፣ ክልሉንና አጥቢያውን ነጻ የሚያወጣ ትርጓሜ አላየንም።

ከየኔታ እስከ ደመወዝተኛ

በኢትዮጵያ «መምህሩ ምን በልቶ ያስተምር?» የሚለው ጥያቄ ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ጉባኤ ዘርግተው ደቀ መዛሙርት ሲያፈሩ ጉባኤው የቆመው በገዳሙ ላይ ተደግፎ ነው። በኋላም ዘመናት መሬት ለአገልግሎት ይሰጥ ነበር፤ የሪም መሬት የያዘ ካህን ወይም ደብተራ ቀድሶ፣ ዘምሮ ወይም አስተምሮ ይኖርበት ነበር። ያ ሥርዓት በጭሰኛው ጫንቃ ላይ የቆመ መሆኑ አይካድም። ስለ መምህሩ ግን አንድ ነገር ተረድቶ ነበር፤ ማስተማር ቋሚ ሥራ ስለ ሆነ ቋሚ መተዳደሪያ ያስፈልገዋል።

መሬት ለሌላቸው የኔታ ደግሞ ማኅበረሰቡ ነበር። ልጅ ወደ ንባብ ቤት ሲገባ ወላጅ እህል ይሰፍራል፣ እንጨት ያስፈልጣል፤ ልጁ ዳዊት ሲደግም ደግሶ፣ እንደ አቅሙም ስጦታ ይዞ መምህሩን ያመሰግናል። የቅኔ፣ የዜማና የመጻሕፍት ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ለምኖ ይመለሳል፤ ከለመነውም ለመምህሩ ያካፍላል። ልጆቹ ለመምህሩ የሚጠቀሙበት «የኔታ» የሚለው ጥሪ ራሱ «የእኔ ጌታ» ማለት መሆኑን ልብ ይሏል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ «ቲቸር» በሚለው ተተክቷል። (ቃሉ መለወጡ ብቻውን አያሳዝነንም፤ ከቃሉ ጋር የተለወጠው ክብር ግን ያሳዝናል።)

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908፣ የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት መምህራኑ የመጡት ከእኅት ቤተ ክርስቲያን ከግብፅ ነበር። ሊቃውንቱ የአዲሱን ትምህርት መምጣት በጥርጣሬ ይመለከቱት ስለ ነበር፣ ኦርቶዶክሳውያን መምህራንን ማስመጣት ንጉሡ ያገኙት ማስታረቂያ ነው። ከዚያ ወዲህ መምህር ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወርኃዊ ደመወዝ የሚቀበል ሠራተኛ ሆነ። ከጣልያን ወረራ በኋላም በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ገንዘብ እንዲሰበሰብ ተደርጓል።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። መነሻው «ሴክተር ሪቪው» በመባል የሚታወቀው የትምህርት ጥናትና የደመወዝ ጥያቄ ነበር። ብዙ ጊዜ የማይነገረው፣ በዚያው የአብዮት ዋዜማ የአዲስ አበባ ካህናትም የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው አደባባይ መውጣታቸው ነው። የትምህርት ቤቱም የቤተ መቅደሱም አገልጋይ በአንድ ወቅት አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁ፤ ሁለቱም ክብር ይሰጣቸው ነበር፤ ሁለቱም ግን በክብሩ ገበያ ወጥተው ጤፍ መግዛት አልቻሉም። በተከታዩ ዓመት በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ተወሰደ። ጭሰኛው ነጻ ወጣ፤ የአብነት መምህሩ መተዳደሪያ ግን በምንም ሳይተካ ቀረ። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

የደመወዙ ሒሳብ

የዛሬውን የመንግሥት መምህር ኑሮ ለመረዳት ብዙ ንግግር አያስፈልግም፤ ሒሳብ ይበቃል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተግባራዊ በሆነው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቆ አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ መነሻ ደግሞ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ ላይ ሰባት በመቶ ለጡረታ፣ ማለትም 805 ብር ይቆረጣል። ከ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ በሚሠራበት የገቢ ግብር ሥርዓት መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ሆኖ በቀሪው ላይ የሚታሰበው ግብር 2,100 ብር ይሆናል። መምህሩ እጅ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። በዲፕሎማ የሚያስተምረው የአንደኛ ደረጃ መምህር ከዚህም ያነሰ ይቀበላል።

ጭማሪው ጥሩ ነው፤ የግብሩ መነሻ ከ600 ብር ወደ 2,000 ከፍ ማለቱም ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው። ችግሩ ጭማሪው ሩጫውን የጀመረው የዕቃ ዋጋ ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ የመምህሩ ደመወዝ በነበረበት ቆሞ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ተሻገረ፤ ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ የታክሲ ታሪፉም ተከተለው። በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወጣት መምህር ከ8,595 ብር ላይ የቤት ኪራይ ከፍሎ ምን እንደሚተርፈው አንባቢ በሚያውቀው ሰፈር ዋጋ ያስላው።

ውጤቱን ሁላችንም እናየዋለን። ከክፍል እንደ ወጣ ባጃጅ የሚያሽከረክር፣ ማታ ቤት ለቤት እየዞረ የሚያስጠና፣ ቅዳሜና እሑድ በንግድ የሚውል መምህር በዝቷል። ሥራ ክቡር ነው፤ ማንንም አንነቅፍም። ነገር ግን የነገውን ትምህርት የሚያዘጋጅበትና የተማሪዎቹን ደብተር የሚያርምበት ሰዓት የሄደው ወደዚያ ነው። ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር የተዘረጋው የእድገት መሰላል በወረቀት ላይ ያምራል፤ በጀት የለም በሚል ምክንያት እድገቱ ሲዘገይና ውዝፉ ሳይከፈል ሲቀር መሰላሉ ለግድግዳ ጌጥ ይሆናል።

ሌላው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚታይ ነው፤ ይህን ሙያ ማን ይመርጠዋል የሚለው። ለብዙ ዓመታት ወደ መምህራን ኮሌጆች የሚገቡት በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ያላመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ጎበዙ ልጅ ሐኪምና መሐንዲስ እንዲሆን ይመከራል፤ «መምህር ልሁን» ቢል የሚያዝንለት ዘመድ ይበዛል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል በተረጐመበት ድርሳኑ ይህንኑ በዘመኑ ሰዎች ላይ ታዝቧል። ሰው ለበቅሎው ነጂ ሲፈልግ የማይሰክር፣ የማይሰርቅ፣ ሙያውን የሚያውቅ እንዲሆን አጥብቆ እንደሚመርጥ፣ ለልጁ ነፍስ አሠልጣኝ ሲፈልግ ግን ያገኘውን ሁሉ እንደሚቀበል ተናግሮ ወቅሷቸዋል። ዐሥራ ስድስት ክፍለ ዘመናት አልፈዋል፤ ዛሬ በበቅሎው ፈንታ መኪና ቢገባ ወቀሳው ሳይለወጥ ያገለግላል።

ገንዘቡ የት ይቆማል?

መንግሥት ለትምህርት ገንዘብ አይመድብም ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። የሀገራት መንግሥታት በ2007 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያዋ ኢንቼን ከተማ ሲስማሙ ለትምህርት ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት ከ4 እስከ 6 በመቶ፣ ወይም ከመንግሥት ወጪ ከ15 እስከ 20 በመቶ እንዲመደብ መለኪያ አስቀምጠዋል። ኢትዮጵያ ከወጪዋ ለትምህርት ስትሰጥ የኖረችው ድርሻ በዚህ መለኪያ የሚያሳፍር አልነበረም። ግን ድርሻው ትልቅ ቢሆንም እንጀራው ትንሽ ነው፤ በዙሪያው የተቀመጡት ልጆች ደግሞ እጅግ ብዙ ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ብቻ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከአርባ በላይ ናቸው፤ የፌዴራሉ የትምህርት ገንዘብም በብዛት የሚሄደው ወደ እነርሱ ነው። ፊደል የሚያስቆጥረው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኖረው በወረዳው ኪስ ነው።

የወረዳው ኪስ እንዴት እንደሚሞላ ማወቅ ለምእመናንም ይጠቅማል። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ይከፋፈላል፤ ክልሉ የራሱን ገቢ ጨምሮ ለወረዳዎች ያከፋፍላል፤ የወረዳው ምክር ቤት ደግሞ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለአስተዳደር ይደለድለዋል። በወረዳ ደረጃ ከትምህርት በጀት አብዛኛው፣ በብዙ ቦታም ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን፣ ደመወዝ ነው። ለመጽሐፍ፣ ለወንበር፣ ለጣሪያ ጥገና የሚተርፈው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በውጭ አጋሮች ድጋፍ በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ ለብዙ ርእሳነ መምህራን ብቸኛው የሥራ ማስኬጃ ሆኖ ቆይቷል። የራስን ልጅ ጠመኔ በብድርና በርዳታ መግዛት ለአንድ ሉዓላዊ ሀገር ምን ያህል እንደሚያኮራ ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን።

በወረዳው ኪስ ላይ ቀዳዳ ሲፈጠር በመጀመሪያ የሚፈስሰው የመምህሩ ደመወዝ ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በወላይታና በሐዲያ ዞኖች የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። መምህራን ደመወዝ በወቅቱ ሳይከፈላቸው ወራት አለፉ፤ በከፊል የተከፈላቸውም ነበሩ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ደመወዛቸውን በመጠየቃቸው የታሰሩ መምህራን መኖራቸውም በወቅቱ ተዘግቧል። ለመዘግየቱ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የአፈር ማዳበሪያ ዕዳ ነበር። አሠራሩን ልብ እንበል። ገበሬው ማዳበሪያ በዱቤ ይወስዳል፤ ዝናቡ ይቀርበታል ወይም ዋጋው ይከብደውና መክፈል ያቅተዋል፤ ዕዳው ከወረዳው በጀት ላይ ይቆረጣል፤ የወረዳው በጀት ደግሞ አብዛኛው የደመወዝ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የማዳበሪያውን ዋጋ የከፈለው የሦስተኛ ክፍል መምህር ሆነ ማለት ነው። እርሱ ያልተበደረው፣ ያልፈረመበት፣ በማሳውም ያልበተነው ማዳበሪያ ነው። የቀድሞው የደቡብ ክልል ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ አራት ክልሎች መከፈሉም አዳዲስ መዋቅሮችን፣ አዳዲስ ጽሕፈት ቤቶችንና አዳዲስ ሹመቶችን አምጥቷል፤ የገቢው ምንጭ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም።

በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ለአሥራ ሰባት ወራት ያልተከፈለው የመምህራን ደመወዝ ጥያቄ ከሰላም ስምምነቱ በኋላም ሲነሣ ኖሯል። በዐማራ ክልልና በሌሎችም ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ሚሊዮን ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ መምህራንም በሁለት ወገን ጥርጣሬ መካከል ቆመው ለማስተማር ተገድደዋል። አንዱ «ለምን ታስተምራለህ?» ይለዋል፤ ሌላው «ለምን አታስተምርም?» ይለዋል። ስለዚህኛው መከራ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እዚህ ላይ የምንለው ግን ሰላም በሌለበት ስለ በጀት ቀመር መከራከር ትርጉም እንደማይኖረው ብቻ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል። እየጨመረ የሚሄድ ማለት በብር ቁጥር ብቻ እየጨመረ መሄድ አይደለም። የዕቃ ዋጋ በእጥፍ ሲጨምር በጀቱ በሩብ ቢጨምር የቀነሰ እንጂ የጨመረ አይባልም። ይህን ለማወቅ የምጣኔ ሀብት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናታችንም ታውቀዋለች።

ክፍተቱን ለመሙላት መንግሥት የመረጠው አንዱ መንገድ የሕዝብ መዋጮ ነው። «ትምህርት ለትውልድ» በሚል መጠሪያ የተጀመረው ንቅናቄ ብዙ የፈራረሱ ክፍሎችን አሳድሷል፤ በዳስ ይማሩ የነበሩ ልጆችን ወደ ግንብ ያስገባበትም ቦታ አለ። መተባበር የክርስቲያን ጠባይ ነው፤ እንደግፈዋለን። ሁለት ነገሮች ግን ያሳስቡናል። የመጀመሪያው፣ መዋጮ ሀብታም አካባቢን ይበልጥ ያበለጽጋል፤ ድኻው ቀበሌ የሚያዋጣው ስለሌለው ትምህርት ቤቱ እንደ ነበረ ይቀራል። ሁለተኛው፣ በፈቃድ የተጀመረ መዋጮ ቀስ እያለ ግዴታ የሚሆንበት ልማድ ነው። መምህራን ሳይጠየቁና ሳይፈርሙ ለልዩ ልዩ ጉዳዮች ከደመወዛቸው እንደሚቆረጥባቸው በተደጋጋሚ ያሰማሉ። ልገሳ በደስታ የሚሰጥ ነው፤ ሳያውቁት ከደመወዝ ላይ የሚወሰድ ገንዘብ ሌላ ስም አለው።

በአጥቢያዎቻችን

ከላይ ያነሣናቸውን ሁሉ መንግሥትን እየጠየቅን ካበቃን ጽሑፉ ግማሽ ይሆናል። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በምንም ያልተተካው የአብነት መምህር መተዳደሪያ ይጠብቀናልና።

ዛሬ በገጠር ገዳማትና አድባራት ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩ መሪጌቶችና የመጻሕፍት መምህራን ብዙዎቹ የሚኖሩት ከመንግሥት መምህር ደመወዝ ጋር ለንጽጽር እንኳ በማይቀርብ ገንዘብ ነው። ድጓን፣ ቅኔን፣ የሐዲስና የብሉይ ትርጓሜን በቃላቸው ይዘው፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ተምረው፣ ጡረታ የላቸውም፤ ሲታመሙ መታከሚያ የላቸውም። ተማሪዎቻቸው በየጎጆው ተጠግተው የሚበሉት ዛሬም ቁራሽ ነው፤ ቁራሽ የሚሰጠው የገጠር ቤተሰብ ራሱ በኑሮ ውድነት ሲዳከም ተማሪው ጉባኤውን ጥሎ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ጥበቃ ወይም የቀን ሠራተኛ ይሆናል። አንድ የድጓ መምህር ተተኪ ሳያፈሩ ሲያርፉ የሚዘጋው ጉባኤ በገንዘብ ተመልሶ የሚከፈት አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢያንስ መጽሐፉ ታትሞ ይቀመጣል፤ የዜማው ቤት መጽሐፉም፣ ሰሌዳውም፣ ፈተናውም መምህሩ ናቸው።

በአንጻሩ በከተሞች የምንሠራቸው ሕንጻ አብያተ ክርስቲያናት ከዓመት ዓመት እየገዘፉ ነው። ለእግዚአብሔር ቤት ማማር እንቃወማለን ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ለጉልላቱ በሚሊዮኖች የሚሰበሰብበት ዐውደ ምሕረት ለአንድ የቅኔ መምህር የዓመት ቀለብ ሲጠየቅበት የማንሰማው ለምንድን ነው? በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ ሀገራት የሚኖሩ ምእመናንም ለትውልድ አጥቢያቸው ሕንጻ የሚልኩት ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ከዚያ ላይ ዐሥራቱ ለመምህሩ ተብሎ ቢለይ ሕንጻው ሲያልቅ በውስጡ የሚቀድስ ሰው ይገኛል። ማኅበረ ቅዱሳንና ሌሎች ማኅበራት ለአብነት መምህራንና ተማሪዎች የሚያደርጉት ድጋፍ የሚመሰገን ነው። ግን የማኅበር ርዳታ ሲኖር የሚሰጥ፣ ሲጠፋ የሚቋረጥ ነው፤ መምህሩ የሚያስፈልገው በሰበካ ጉባኤው ዓመታዊ በጀት ውስጥ በራሱ ርእስ የተጻፈ ደመወዝ ነው።

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አጥቢያዎች የከፈቷቸው ዘመናዊ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ወላጆች የሚመርጧቸው በሥነ ምግባራቸው አምነው ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለመምህራኖቻቸው የሚከፍሉት ስንት ነው? ክረምት ሲመጣ ሁለቱን ወራት ይከፍላሉ ወይስ ውል አቋርጠው በመስከረም እንደ አዲስ ይቀጥራሉ? የወለደች መምህርት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች? መልሱ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ መልካም አሠራር ያላቸው እንዳሉ እናውቃለን። ቤተ ክርስቲያን ስለ ደመወዝ ፍትሕ ስትናገር የሚሰማት ሰው በመጀመሪያ የሚመለከተው ግን የራሷን የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ነው፤ ቢመለከት ትክክል ነው።

ምእመናን በመንግሥቱ በኩል ያለውን ጉዳይም ከሩቅ የሚያዩት አይደለም። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። የወረዳ ምክር ቤቶች በጀት የሚያጸድቁት በዚያው ወቅት ገደማ ሲሆን በምክር ቤቶቹ ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ የየአጥቢያችን ልጆች ናቸው። በየትምህርት ቤቱም የወላጅ መምህር ኅብረት አለ፤ አብዛኛው ወላጅ ወደ ስብሰባው የሚሄደው ልጁ ሲያጠፋ ተጠርቶ ብቻ ነው። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ለትምህርት ቤታችን በዚህ ዓመት ስንት ተመደበ? የመምህራኑ ውዝፍ ስንት ወር ነው? ከደመወዛቸው የሚቆረጠው በማን ፈቃድ ነው?» ብሎ መጠየቅ ፖለቲካ አይደለም፤ የአባትነትና የእናትነት ሥራ ነው። የሰበካ ጉባኤው አባላትም የራሳቸውን የዓመት በጀት ለማዘጋጀት በሚቀመጡበት ቀን በአጥቢያቸው ስንት የአብነት መምህር እንዳለና ባለፈው ዓመት በየወሩ ምን እንደ ተከፈለው በመዝገቡ ላይ ፈልገው ለጉባኤው ያንብቡት።